የባሩድ ልክ፦ የጥይት ቁጥጥር ከመሣሪያው ባሻገር

አሶሳ፦ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ለዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ውሏል። 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኮርቻ ግድብም የተሞላው በድንጋይ ነው። ይህን የመሰለ የድንጋይ ክምችት ከአለት ፈልቅቆ ማውጣት የሚቻለው በቁፋሮና በፈንጂ ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ወደ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚገባው ፈንጂ አስቀድሞ በኪሎ ግራም ይሰላል። ጉድጓዶቹ የሚፈነዱበት ቅደም ተከተልም በሺኛ ሰከንድ ይወሰናል። ከመጋዘን የወጣው፣ ሥራ ላይ የዋለውና ተመላሽ የሆነው መጠን በመዝገብ ሰፍሮ በኃላፊ ይፈረምበታል። ፈንጂ ለልማት ሊውል የቻለው ባሕርዩ ስለተለወጠ ሳይሆን በልክ ስለሚመዘንና ተጠያቂ ስላለው መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁንና ግድቡ በተገነባበትና ከሱዳን ጋር ረጅም ድንበር በሚጋራው በዚህ ክልል፣ እንደሌሎች የአገሪቱ ጠረፋማ አካባቢዎች ሁሉ፣ መጠኑ በሚዛን ያልተረጋገጠ፣ መነሻው ያልታወቀና በመዝገብ ያልሰፈረ ባሩድ በጥይት መልክ ከእጅ ወደ እጅ ሊዘዋወር የሚችልበት ዕድል አለ። የሕገወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውርን ለመግታት የሚደረገው ጥረት በአብዛኛው ያተኮረው በጠመንጃውና በሽጉጡ ላይ ነው። ጥይቱ፣ በተለይም የጥይቱ ክፍሎች፣ ተመጣጣኝ ትኩረት አግኝተዋል ለማለት አያስደፍርም። መሣሪያው ያለ ጥይት አንዳች ጉዳት ማድረስ የማይችል ብረት በመሆኑ የቁጥጥሩ ሥራ እስከ ባሩዱ ድረስ ካልዘለቀ ግቡን ሊመታ አይችልም።

የጥይት አራት ክፍሎች

አንድ የሽጉጥ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የሚሠራው ቀልሃ፣ በቀልሃው ግርጌ ተቀምጦ በምት እሳት የሚጭረው ካፕሱል፣ በውስጡ የሚቃጠለው ባሩድ እና ከአፈሙዝ የሚወጣው አረር ናቸው። ጥይቱ ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፤ ባሩዱና ካፕሱሉ ይነዳሉ፤ ቀልሃው ግን በአብዛኛው ሳይጎዳ ይቀራል። ባዶውን ቀልሃ ሰብስቦ አዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር በማስገባት ዳግም ለመተኮስ ማዘጋጀት በአንዳንድ አገሮች በሕግ የተፈቀደ የስፖርት ተኳሾች ሥራ ነው። በአሜሪካ በርካታ ተኳሾች ይህን በቤታቸው ያከናውናሉ። በጀርመን በአንጻሩ የባሩድ ሙሌት የሚፈቀደው ልዩ ሥልጠና ለወሰደና በፈንጂ ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት ፈቃድ ለተሰጠው ሰው ብቻ ነው።

ሥራው ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅበት ምክንያት የባሩዱ ዓይነትና ልክ ነው። ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ አንድ ወጥ አይደለም። የፍሬው መጠን፣ ቅርጽና ልባስ በመለያየቱ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ይነዳል። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር በመሆኑ ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ ያስፈልገዋል። አፈሙዙ ረጅም የሆነው ጠመንጃ ደግሞ ቀስ እያለ በሚነድ ባሩድ ይሠራል። ሁለቱን በቀለም ወይም በዓይን ግምት መለየት አይቻልም። ለጠመንጃ በሚበቃ ልክ የሽጉጥ ባሩድ የሞላ ሰው የሠራው ጥይት ሳይሆን ቦምብ ይሆናል።

በመላው ዓለም በስፋት በሚታወቀው 9 በ19 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት ውስጥ የሚገባው ባሩድ ብዙውን ጊዜ ከግራም ሲሶ ብዙም አይርቅም። በሙያው የሚሠራበት መለኪያ "ግሬን" የሚባለው ሲሆን አንዱ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ነው። ሙሌቱ የሚመዘነው የግሬንን አንድ አሥረኛ በሚለይ ሚዛን ነው።  በማንኪያ ወይም በስፍር መለካት የማያስተማምነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የባሩዱ ፍሬ ዝርግ፣ ክብ ወይም ዘንግ መሰል ሊሆን ስለሚችል አንድ ዓይነት ስፍር የሚይዘው ክብደት ከባሩድ ባሩድ ይለያያል። ስለሆነም ፈቃድ ያላቸው ሙያተኞች እንኳ የአምራቹን ሠንጠረዥ ይከተላሉ፤ ከተፈቀደው ጣሪያ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ እያንዳንዱንም ቀልሃ አረሩ ከመግባቱ በፊት በብርሃን ይመረምራሉ።

ምርመራው ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። ለሽጉጥ የሚበቃው ባሩድ ብዙውን ጊዜ የቀልሃውን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ሞልቶ ሳይፈስ ሊቀር ይችላል። በአውሮፓ በጋራ በተደነገገው መስፈርት ለዚህ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 2350 ባር ሲሆን ይህም ከመኪና ጎማ የአየር ግፊት 1000 እጥፍ ገደማ ነው። ሙሌቱ ሲደራረብ ግፊቱ ከዚህ ጣሪያ በብዙ ያልፋል፤ ሽጉጡም በተኳሹ እጅ ውስጥ ይፈነዳል። ባሩዱ ሲያንስም አደጋው አይቀርም። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ከቀረ ተከታዩ ተኩስ አፈሙዙን ሊሰነጥቀው ይችላል። የልክ መዛባት የመጀመሪያ ተጎጂ የሚያደርገው ዒላማውን ሳይሆን ተኳሹን መሆኑ ለኅብረተሰቡ በሚሰጠው ትምህርት ሊሰመርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የባሩድ ልክ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ያስቀለጡት የባዕድ መሣሪያ ጥገኝነትን ለማስቀረት እንደነበር ይታወቃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም በአሮጌ በተደረገው ውጊያ ከትላልቆቹ መድፎች አንዱ የፈነዳው ባሩዱ በስህተት ተደራርቦ በመሞላቱ እንደነበር በወቅቱ በመቅደላ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በማስታወሻው አስፍሯል። መድፉን ለመሥራት የተደረገው ከፍተኛ ድካም በአንድ የሙሌት ስህተት ከንቱ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ችግሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። በአገራችን "ውጅግራ" እየተባለ የሚታወቀው እ.ኤ.አ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ በ1886 የወጣው "ለበን" ግን በአዲሱ ባሩድ የሚሠራ ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ በእኩል ክብደት ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ኃይል ስላለው በጥቁር ባሩድ ስፍር ተለክቶ በአሮጌ ቀልሃ ውስጥ ቢሞላ ጠመንጃውን ይበታትነዋል። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ ላይ ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባዶ ቀልሃም ዋጋ ስለነበረው አይጣልም። ቀልሃን የማስቀመጥ ልማድ በአንዳንድ አካባቢዎች ሥር የሰደደ መሆኑን ለመረዳት ይህ ታሪካዊ መነሻ ሊታወስ ይገባል።

በዘመናዊ መልኩ የጥይት ምርት በመንግሥት ተቋም ሥር እንዲሆን መደረጉ የዚሁ ትምህርት ውጤት ነው ማለት ይቻላል። በምዕራብ ሸዋ በአምቦ አቅራቢያ የሚገኘው ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ መቋቋሙ ይታወቃል። ፋብሪካን ከጓዳ የሚለየው የማሽኑ ብዛት ብቻ አይደለም። የባሩዱ ምድብ ተመዝግቦ፣ ናሙናው በግፊት መለኪያ ተፈትኖ፣ እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር ተሰጥቶት መውጣቱ ጭምር ነው።

የተቀየሩ ሽጉጦች ያስከተሉት አዲስ ሥጋት

በ2010 እና በ2011 ዓ.ም የቱርክ ስሪት የሆኑ በርካታ ሽጉጦች ወደ አገር ውስጥ ሊገቡ ሲሉ በጉምሩክ ኬላዎች መያዛቸው በተደጋጋሚ መዘገቡ ይታወሳል። ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋማት እንዳመለከቱት በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት እንዲህ ዓይነት ሽጉጦች ከፊሎቹ በመጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩና በኋላ አረር እንዲተኩሱ የተቀየሩ ናቸው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከደካማ የብረት ቅይጥ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት ለመቋቋም አልተዘጋጁም።

ጉዳዩ ከባሩድ ልክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ለእነዚህ ሽጉጦች የሚቀርበው ጥይት ብዙውን ጊዜ ራሱም የድምፅ ጥይት ሆኖ በእጅ የተቀየረ ነው። ሙሌቱን የሚወስን መስፈርት የለም፤ የሚመረምረውም ወገን የለም። በተጨማሪም በአገሪቱ በተለያየ ዘመን የገቡ የተለያዩ አገሮች ሽጉጦች በመኖራቸው ተመሳሳይ መስለው የማይመሳሰሉ ጥይቶች ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ለምሳሌ የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት 9 በ18 ሲሆን የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 1600 ባር ነው። ይህም ከ9 በ19ኙ ጥይት ግፊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ሁለቱም "ዘጠኝ ሚሊ" ተብለው መጠራታቸው ለአደገኛ ስህተት በር ይከፍታል። በመሆኑም የተያዘ ጥይትን የሚመዘግቡ ሠራተኞች "የሽጉጥ ጥይት" ብለው ከማለፍ ይልቅ ሙሉ መለኪያውን ማስፈር ይጠበቅባቸዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያና ጥይት አያያዝን በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ ያስገባ ሲሆን፣ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎች ነባራዊ ሁኔታም ከግምት ያስገባ ነው። ከዚያ በፊት በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ማንኛውንም ዓይነት መሣሪያ ወይም ጥይት ያለ ፈቃድ መሥራትን፣ ማስገባትን፣ ማጓጓዝን፣ ማከማቸትንና መሸጥን በወንጀልነት ደንግጓል። ባዶ ቀልሃን በባሩድና በአረር ሞልቶ ለተኩስ ማዘጋጀት ጥይት ከመሥራት ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል ግልጽ ነው።

በአካባቢያዊ ደረጃ ደግሞ የታላላቅ ሐይቆች አካባቢና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2004 በናይሮቢ የፈረሙት ፕሮቶኮል ይጠቀሳል፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። ፕሮቶኮሉ "ጥይት" የሚለውን ቃል ሲተረጉም የተሟላውን ጥይት ብቻ ሳይሆን ቀልሃን፣ ካፕሱልን፣ ባሩድንና አረርንም ያካትታል። ነገር ግን አንድ ወሳኝ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። እነዚህ ክፍሎች እንደ ጥይት የሚቆጠሩት በየአገሩ ሕግ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ በ2001 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል አገላለጽም ተመሳሳይ ነው።

ይህ ቅድመ ሁኔታ ለፈጻሚ አካላት ትልቅ ትርጉም አለው። ዓለም አቀፉ ሰነድ በሩን ከፍቶ ቁልፉን ለየአገሩ ሰጥቷል። የባሩድ ጣሳ፣ የካፕሱል ሳጥን ወይም የባዶ ቀልሃ ከረጢት በኬላ ላይ ሲገኝ ተቆጣጣሪው "ይህ ጥይት አይደለም" ብሎ እንዳያልፍ መመሪያዎች እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ጠርተው በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል። ከአራቱ ክፍሎች በጓዳ ለመሥራት የሚያስቸግሩት ካፕሱሉና ጭስ አልባው ባሩድ ናቸው። ቀልሃ ይሰበሰባል፤ አረርም ከእርሳስ ይቀልጣል። ስለዚህ ቁጥጥሩ በሁለቱ ክፍሎች ላይ ቢጠብቅ በእጅ የሚሞላ ጥይት መሠረቱ እንደሚናጋ መገመት አያዳግትም።

ቀልሃው የሚሰጠው ምስክርነት

ሌላው ብዙ ያልተወራለት ጉዳይ የወንጀል ምርመራ ነው። በቀልሃው ግርጌ ላይ የሚታተመው ምልክት ብዙውን ጊዜ የፋብሪካውን መለያና የተመረተበትን ዓመት ያመለክታል። መርማሪዎች በወንጀል ስፍራ የተገኘን ቀልሃ ይዘው ጥይቱ ከየት እንደተነሳና በማን እጅ እንዳለፈ የሚከታተሉት በዚሁ ምልክት ነው።

ዳግም የተሞላ ጥይት ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። ምልክቱ የሚናገረው ቀልሃው መቼ እንደተሠራ እንጂ ጥይቱ መቼና በማን እንደተሞላ አይደለም። ከ20 ዓመት በፊት ለአንድ ሕጋዊ ተቋም የተሸጠ ቀልሃ ዛሬ በሕገወጥ እጅ ተሞልቶ ቢተኮስ ማስረጃው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይመራል፤ ንጹሑን ተቋምም ተጠርጣሪ ያደርጋል። የመተኮሻ ሜዳ ያላቸው የጸጥታ ተቋማት ባዶ ቀልሃን ቆጥረው የመረከብና የማስወገድ ግዴታቸውን እንደ ተራ የንብረት ጉዳይ ማየት የሌለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ በተለየ ሁኔታ አስፈላጊ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በደረሰው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማስታወቁ ይታወሳል። በዞኑ በኮማንድ ፖስት ጸጥታ የማስከበር ሥራ ሲከናወን፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ የክልሉ መንግሥት ከታጣቂ ወገኖች ጋር የሰላም ስምምነት አድርጓል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህም በኩርሙክ በኩል በርካታ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገብተዋል። ስደተኞቹ የጦርነት ሰለባዎች እንጂ የሥጋት ምንጭ ተደርገው ሊታዩ አይገባም። የጦርነት ቀጣና አጎራባች መሆን ግን የጥይት ዝውውርን ለሚያደርጉ ወገኖች ዕድል ስለሚፈጥር የኬላ ሠራተኞች ኃላፊነት ጨምሯል። የሰላም ስምምነት ዘላቂ የሚሆነውም ለጉዳት የደረሰ ጥይት ምንጩ ሲታወቅና ተጠያቂው ሲለይ ነው።

አያያዝና ማከማቻ

ባሩድ የሚያረጅ ንጥረ ነገር ነው። ጭስ አልባው ባሩድ በጊዜ ብዛት እየበሰበሰ የሚሄድ ሲሆን ይህን ለማዘግየት የሚጨመርለት ማረጋጊያ በሙቀት ፈጥኖ ያልቃል። እንደ ጉባ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ ጥይት በደጋ ከተቀመጠው ቀድሞ ያረጃል። ማረጋጊያው ያለቀበት ባሩድ ብዛት ካለው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

የጥይት ክምችት ጉዳት በአህጉራችን በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ ጥር 2002 በናይጄሪያ ሌጎስ ኢኬጃ፣ እ.ኤ.አ መጋቢት 2012 በኮንጎ ብራዛቪል፣ እ.ኤ.አ መጋቢት 2021 በኢኳቶሪያል ጊኒ ባታ ከተማ የደረሱት የመጋዘን ፍንዳታዎች በርካታ ሰላማዊ ዜጎችን ሕይወት ቀጥፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2023 ጥይት ከሚመረትበት ጊዜ አንስቶ እስከሚወገድበት ድረስ የሚመራበትን ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ያጸደቀው ከእነዚህ አደጋዎች በመማር ጭምር ነው። በኤግዚቢትነት የተያዘ ጥይትና ባሩድ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ በፖሊስ ጣቢያዎችና በፍርድ ቤት ግምጃ ቤቶች ለዓመታት እንዲከማች መፍቀድ ከማዕቀፉ መንፈስ ጋር አይጣጣምም።

ከፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

ከላይ ከተመለከቱት ነጥቦች በመነሳት ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች ውድ መሣሪያ ወይም ትልቅ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። በቅድሚያ ኬላዎች የሚጠቀሙባቸው የመመዝገቢያ ቅጾች ለባሩድ፣ ለካፕሱልና ለባዶ ቀልሃ የራሳቸው ዓምድ እንዲኖራቸው ማድረግ ይቻላል። ባሩድ በክብደት፣ ካፕሱልና ቀልሃ በቁጥር ሊመዘገቡ ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ በኤግዚቢትነት የተያዘ ባሩድ ናሙናው ተወስዶ ቀሪው በባለሙያ በፍጥነት እንዲወገድ ከፍትሕ አካላት ጋር የአሠራር ስምምነት ያስፈልጋል። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ የመተኮሻ ሜዳ ባዶ ቀልሃ ርክክብ በየጊዜው ኦዲት ሊደረግ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ የያዘው ነዋሪ ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። ፈቃድ ያለው አርሶ አደር ወይም አርብቶ አደር ያረጀ ጥይቱን የሚመልስበትና በምትኩ በሕግ በተወሰነው መጠን የሚያገኝበት ግልጽ መንገድ ካልተመቻቸለት ፊቱን ወደ ጓዳ ሠሪው ማዞሩ የማይቀር ነው። ፈቃዱ ለመሣሪያው ተሰጥቶ ለጥይቱ ሕጋዊ ምንጭ ካልተበጀለት ሕጉ ራሱ ለሕገወጡ ገበያ ደንበኛ ያፈራለታል። በዚህ ረገድ የሚወጣ መመሪያ ከቁጥጥር እኩል አቅርቦትንም ሊያይ ይገባል።

የኅብረተሰብ ግንዛቤ ሥራውም አቅጣጫውን ቢያስተካክል ይመረጣል። በእጅ የተሞላ ጥይት ሕገወጥ መሆኑን መንገር ብቻ በቂ አይደለም። ከግራም ሲሶ ብዙም በማይርቅ ባሩድ ላይ የሚፈጸም ስህተት የተኳሹን እጅና ዓይን እንደሚያሳጣ በአገር ሽማግሌዎች፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በአካባቢው ቋንቋዎች በሚተላለፉ የሬዲዮ ፕሮግራሞች ማስረዳት ይቻላል። ሰው ቅጣትን ከሚፈራው በላይ ለራሱ አካል ይሳሳልና።

በጉባ አለቱን ያፈረሰው ፈንጂ በኪሎ ግራም ተመዝኖ፣ በመዝገብ ሰፍሮና በባለሙያ እጅ ተይዞ ለአገር ብርሃን የሚሆን ሥራ ተሠርቶበታል። ያው የልክና የተጠያቂነት ሥርዓት እስከ ትንሿ የሽጉጥ ጥይት ሊወርድ ይገባል። "ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ፣ የባሩዱ ጉዳይ ጉዳት ካደረሰ በኋላ በምርመራ ከሚፈለግ አስቀድሞ በኬላ፣ በመጋዘንና በመዝገብ ላይ ቢያዝ ለግድቡም ለክልሉ ነዋሪም ደኅንነት ይበጃል።